ጋሽ ዘውዱ የመረጠው ዘይት

የጋሽ ዘውዱ ቀብር ላይ የሕይወት ታሪኩን ያነበበው የማኅበራችን ሊቀመንበር ነበር። ድሬዳዋ ተወልዶ ማደጉን፣ በወጣትነቱ በሞተር ሳይክል ፖስታ ማደሉን፣ በሱዳን በኩል ተሰድዶ አትላንታ መግባቱን፣ ልጆቹን አስተምሮ ለቁም ነገር ማብቃቱን አንድ በአንድ ተናገረ። መጨረሻ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ጋሽ ዘውዱ ምክሩ መሬት ጠብ የማይል፣ ተሳስቶ የማያውቅ ሰው ነበር» አለ። ለቀስተኛው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። አጠገቤ የተቀመጠችው ባለቤቴ ማህሌት ዞር ብላ አየችኝ። እኔ አንገቴን ደፋሁ።

ያፈርኩት ለሞተው ሰው ነው። ጋሽ ዘውዱ ያቺን ነገር ቢሰማ ኖሮ ተነስቶ፣ «ቆይ አንዴ፣ እሷን ሰርዝ» ይል ነበር። እኔና ማህሌት የምናውቀው ትልቁ ጋሽ ዘውዱ የታየን በጣም በተሳሳተ ጊዜ ነው። እዚያ ለቅሶ ላይ ተነስቼ ይህን ልናገር አልችልም ነበር። ዝም ብዬ ግን ልተወው አልቻልኩም።

የተዋወቅነው አትላንታ አጠገብ፣ ፒችትሪ ኮርነርስ የሕክምና ዕቃ የሚያሽግ ድርጅት ውስጥ ነው። እኔ አዲስ ተቀጣሪ ነበርኩ፤ እሱ ደግሞ የዕቃ መላኪያው ክፍል ነባር። ጠዋት ጠዋት በአሮጌ ሞተር ሳይክል ይመጣል። ፓርክ ካደረገ በኋላ ወዲያው አይገባም። ጓንቱን አውልቆ መዳፉን ወደ ሞተሩ ያስጠጋል፤ ትኩሳት የያዘው ልጅ ግንባር የሚዳብስ ነው የሚመስለው። ምን እያደረገ እንደሆነ ስጠይቀው፣ «ሞተርና ሕፃን ሕመማቸውን አይናገሩም። በእጅህ ነው የምታውቅላቸው» አለኝ።

ደግ ነበር፤ ግን ጥፋት ላይ ጨካኝ ነው። አንድ ጊዜ አንድ ባልደረባችን የሰበረውን ዕቃ ካርቶን ውስጥ መልሶ አሽጎ ሊልክ ሲል ደረሰበት። አልጮኸበትም። ካርቶኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ «ጥፋት ባለቤት አለው ወንድሜ። ባለቤቱ ካልወሰደው ሰፈሩን ሁሉ ያሸታል» አለው። ሰውዬው ካርቶኑን አንስቶ ራሱ ወደ አለቃው ሄደ።

ሁለት ጠባዮቹን ግን ሁላችንም እንችልለት ነበር። አንደኛው፣ ስለ ሞተር ሲናገር ሰው እንዲቃወመው አይወድም። ሁለተኛው፣ መነጽሩን ሁሌ ይረሳል። ከቢሮ ወረቀት ሲመጣ፣ ማስታወቂያ ሲለጠፍ፣ «መነጽሬን ቤት ትቼዋለሁ፤ እስቲ ምን ይላል?» ይላል። አጠገቡ ያለው ሰው ያነብለታል። እርጅና ነው ብለን እንስቅ ነበር።

እኔም ሞተር ሳይክል የገዛሁት እሱን አይቼ ነው። ያገለገለ፣ ደህና ነገር አገኘሁ። ፈቃዱን አውጥቼ፣ ትምህርቱንም ጨርሼ ነው የጀመርኩት። አብራን የምትኖረው የማህሌት እናት ወይዘሮ ፀሐይ ግን ገና በር ላይ ሲያዩት አማተቡ። «አንተ እንደ ፍጥርጥርህ። ልጄን እዚያ ላይ እንዳታወጣት» አሉኝ። ማህሌት ሳቀች። እሷ ከኔ ይልቅ ደፋር ናት፤ በመጀመሪያው ሳምንት ነው ከኋላዬ የወጣችው።

ዘይት መቀየሪያው ሲደርስ ጋሽ ዘውዱን አማከርኩት። ኢንተርኔት ላይ ያየሁት ሁሉ እርስ በርሱ ይጣላ ነበር። አንዱ ሲንተቲክ የሚባለውን፣ በፋብሪካ የተቀመመውን ዘይት ግዛ፣ ሙቀት ይችላል፣ ቶሎ አይበላሽም ይላል። ሌላው መደበኛው ዘይት ይበቃሃል፣ ቶሎ ቶሎ ቀይረው እንጂ ይላል። ጋሽ ዘውዱ ይህን ስነግረው እጁን በሱሪው ጠረገ። እጁ ንጹሕ ቢሆንም ቁም ነገር ሊናገር ሲል እንዲህ ያደርጋል።

«አሮጌ ሞተር እንደ አሮጌ ሆድ ነው፤ የለመደውን ነው የሚፈልግ» አለኝ። «ሲንተቲክ ብትሰጠው በየመጋጠሚያው ጓርኒሲዮን ያንጠባጥብልሃል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ መደበኛውን ነው የማጠጣው። የኔ ሞተር አስሎ ያውቃል?»

«አያውቅም» አልኩት።

«በቃ። ቅዳሜ ዲኬተር ና፤ አብረን እንገዛለን።»

ዲኬተር እሱ ቤት አጠገብ ካለው የመለዋወጫ መደብር ገባን። እሱ ሁሌ የሚገዛው ወፍራሙ ዘይት የዚያን ዕለት አልቋል። ከዚያው ዓይነት ቀጠን ያለውን፣ መደበኛውን፣ አነሳ። እኔ ወዲያ ማዶ ጓንት እየለካሁ ነበር። ቀና ስል ሽበታሙ ሻጭ ጠርሙሱን ከጋሽ ዘውዱ እጅ ተቀብሎ፣ ገልብጦ፣ ጀርባው ላይ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ በጣቱ ሲያሳየው አየሁ። ጋሽ ዘውዱ ጮክ ብሎ ሳቀ፤ የሻጩን ትከሻ መታ መታ አድርጎ ጠርሙሱን መልሶ ተቀበለው።

«ምን አለህ?» አልኩት ስንወጣ።

«ሲንተቲክ ግዛ ነው የሚለኝ። ሻጭ አይደል? ውድ ውዱን መሸጥ ነው የሚፈልግ።»

እቤቱ ደጃፍ ላይ አሮጌውን ዘይት አፈሰስን፤ አዲሱን ሞላን። ጣቱን ነክሮ አሸተተው። «አሁን እንደ ልብህ ሂድ» ብሎ መረቀኝ።

አደጋው የደረሰው ከጥቂት ጊዜ በኋላ ነው። ማህሌት ኖርዝ ድሩይድ ሂልስ፣ ብራያርክሊፍ መንገድ ላይ ካሉት የሐበሻ ሱቆች መካከል ሹሩባ ቤት ውስጥ ትሠራ ነበር። ከሥራ ስትወጣ ልወስዳት ሄድኩ። ጠራራ ፀሐይ ነው። ከፓርኪንጉ ወደ ግራ ለመውጣት ቆምን። መኪኖች አለፉ፤ ክፍተት አገኘሁ፤ ፍሪሲዮኑን ለቅቄ ነዳጅ ሰጠሁ። ሞተሩ ጮኸ። ሳይክሉ ግን አልተፈተለከም። መንገዱ መሃል ላይ እንደ ሽማግሌ ተንቀራፈፈ። ጨመርኩበት፤ ጩኸቱ ባሰ እንጂ ፍጥነቱ አልጨመረም። ከቀኝ የምትመጣው መኪና ብሬክ ስትይዝ ጎማዋ ሲያፏጭ ሰማሁ። የኋላ ጎማችንን ገጨችው። እኔ ሣሩ ላይ ወደቅሁ። ማህሌት አስፋልቱ ላይ፣ በእጇ።

የቀኝ እጇ አንጓ ተሰበረ። ኦፕሬሽን ተደረገላት፤ ብረት ገባበት። በዚያ እጅ ነው የምትሠራው። በዚያ እጅ ነው የሰፈሩ ሙሽራ ሁሉ የተሠራው።

ሐኪም ቤት ወይዘሮ ፀሐይ መጡ። አልተሳደቡም። «ነግሬህ ነበር» እንኳ አላሉኝም። ልጃቸውን ስመው ከጎኗ ተቀመጡና፣ «እንዴት ሆነ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም የማምነውን ነገርኳቸው። «ደንግጬ ነው መሰለኝ። ፍሪሲዮኑን በደንብ አልለቀቅኩትም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ጥፋቱስ ያንተ ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ ዓይናቸው ዓይኔን አላየም።

ያን ጊዜ ቤቴ ውስጥ እንግዳ ሆንኩ። ወይዘሮ ፀሐይ ምግብ ያቀርቡልኛል፤ ሳያዩኝ። የልጃቸውን ፀጉር ሲያበጥሩላት እኔ ስገባ ዝም ይላሉ። ማህሌት በግራ እጇ ቁልፍ ለመቆለፍ ስትታገል አያታለሁ፤ ልርዳሽ ስላት፣ «ተወው፣ እችላለሁ» ትላለች። ቁጣ አልነበራትም። ቢኖራት ይሻለኝ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ቆሜ አስቀድሼ ቀድሜ እወጣለሁ። «እንዴት ናት?» የሚለኝ ሰው ሁሉ «ምን አደረግሃት?» የሚለኝ ይመስለኝ ነበር።

ጋሽ ዘውዱ ሊጠይቃት መጥቶ ነበር። ደጅ ስሸኘው የተጣመመውን ሞተር ሳይክል አየ። «እኔ ልውሰደው። አንተ ባታየው ይሻላል» አለኝ። ከዚያ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና፣ «ፍርሃት ነው ብሩክ። ሁሉም ይደርስበታል። ጥፋትህን በመውሰድህ ጥሩ አድርገሃል» አለኝ። ያቺን ቃሉን ይዤ ነበር የምውለው። ጥፋቴን የወሰድኩ ሰው ነኝ እያልኩ።

በኋላ ባለቤቱ እትዬ አስካለ እንደነገረችን፣ ጎማውን ቀይሮ ሳይክሉን ራሱ ሊሞክረው መንገድ ላይ ይወጣል። ነዳጅ ሲሰጠው ሞተሩ ይጮኻል፤ ሳይክሉ አይጎትትም። ቆመ። መዳፉን አስጠግቶ ብዙ ቆየ አለች። ከዚያ ወደ አንድ የሞተር ሳይክል መካኒክ ወስዶ ፍሪሲዮኑን አስከፈተው። መካኒኩ የፍሪሲዮኑን ሸክላዎች በጣቱ አሻሽቶ፣ «ምን ዘይት ነው ያደረጋችሁበት?» ብሎ ጠየቀው። ጋሽ ዘውዱ የተረፈውን ጠርሙስ ከቤት አመጣለት። መካኒኩ ገለበጠውና ጀርባውን አሳየው።

ቤት ሲገባ ምሳ አልበላም። እትዬ አስካለ ነገሩን ስትሰማ ለመነችው። «ልጁ በራሱ ተቀብሎታል። የኢንሹራንሱም ነገር አልቋል። ማንም አልጠየቀህ። ምን አስነሳህ?» አለችው። እሱ ግን ክራባት እያሰረ ነበር።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ቤት ነበርን። በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ዘውዱ በሙሉ ልብስ፣ በክራባት፣ ፌስታል ይዞ ቆሟል። ግባ፣ ተቀመጥ አልነው። ገባ፤ አልተቀመጠም።

«ሁላችሁም አላችሁ። ጥሩ ነው» አለ። «ለየብቻ ብነግራችሁ ይቀለኝ ነበር። እንዲቀለኝ ግን አልፈለግሁም።»

ወይዘሮ ፀሐይ ነጠላቸውን አስተካከሉ። እኔ ሰው የሞተ መሰለኝ።

«ማህሌትን የጣላት ብሩክ አይደለም። እኔ ነኝ።»

ጠርሙሱን ከፌስታሉ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። «የሞተር ሳይክል ዘይት እንደ መኪና ዘይት አይደለም። ፍሪሲዮኑም የሚቀመጠው እዚያው ዘይት ውስጥ ነው። እኔ የመረጥኩለት የመኪና ነው፤ ነዳጅ እንዲቆጥብ ብለው የሚያሟልጭ ነገር የጨመሩበት፤ እኔ የለመድኩት ወፍራሙ ይህ የለበትም። ፍሪሲዮኑ ተንሸራተተ። ብሩክ ማርሹን አስገብቷል፣ እጁንም ለቅቋል። ሳይክሉ ነው ያልታዘዘው። እኔ ሲንተቲክ ነው መደበኛ እያልኩ ስከራከር፣ መጠየቅ የነበረበት ሌላ ነገር ነበር።»

ማህሌት ናት ቀድማ የተነፈሰችው።

«ጋሽ ዘውዱ፣ አላወቅህም እኮ። ሆን ብለህ አይደለም።»

«አይ ልጄ» አላት። «ይህን አላውቅም ነበር። አለማወቄን ግን አውቅ ነበር። ሻጩ ለሞተር ሳይክል ሌላ አለ፣ ጀርባውን አንብበው ብሎ ሰጥቶኛል። ከንግግሩ ጥቂት ገብቶኛል። አይቼ ዝም አልኩ። ቀጥሎ ሳቅሁበት። ለብሩክም ሲንተቲክ ሊሸጥልኝ ነው ብዬ ዋሸሁት።»

«ለምን?» አልኩት።

ዓይኑን ከወለሉ ላይ አነሳ። «መነጽር የለኝም ብሩክ። ኖሮኝም አያውቅ። ዓይኔ ደህና ነው። እንግሊዝኛ ማንበብ ነው የማልችለው። ይህን ሁሉ ዓመት እዚህ አገር ኖሬ አልችልም። አንተ እንዳታውቅብኝ ብዬ ነው።»

ክፍሉ ጠበበኝ። ወር ሙሉ አንገቴን ያስደፋኝ ሸክም ከላዬ ሲወርድ ተሰማኝ፤ ደስ አለኝ። ያ ሸክም በዓይኔ ፊት ሽማግሌው ሰው ትከሻ ላይ ሲቀመጥ እያየሁ ደስ አለኝ። እንዲህ ዓይነት ሀፍረት አላውቅም ነበር። ፊቴን የት እንደማዞር ጠፋኝ።

ጋሽ ዘውዱ ጠርሙሱን አንስቶ ለማህሌት ሰጣት። «አንብቢው። ሁሉም ይስማ። እኔም ልስማ።»

«ተወው ጋሼ፣ ምን ያደርጋል?»

«ግዴለሽም፣ አንብቢው።»

ማህሌት ጠርሙሱን በጉልበቶቿ መካከል ያዘች፤ የታሰረው እጇ አያነሳላትም። በእንግሊዝኛ አነበበች። ከዚያ ቀስ ብላ በአማርኛ ነገረችው፤ ይህ ዘይት ፍሪሲዮናቸው ዘይት ውስጥ ለሚቀመጥ ሞተር ሳይክሎች አይሆንም የምትል አጭር መስመር ናት። ጋሽ ዘውዱ እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ ቆሞ ሰማ።

«ይቺ ናት?» አለ።

«ይቺ ናት።»

«ይህችን ታህል» አለና ጣቶቹን አጠጋግቶ አየ። ከዚያ ወደ ወይዘሮ ፀሐይ ዞረ። «እሜቴ፣ በአገራችን ቢሆን ድንጋይ ተሸክሜ ነበር እደጅዎ የምወድቀው። እዚህ ድንጋዩንም ከየት እንደማመጣ አላውቅም። ልጅዎን የጎዳሁት፣ አማችዎን ያዋረድኩት እኔ ነኝ። ይቅር በሉኝ ለማለት አፌ አይደፍርም። እንድታውቁት ብቻ ነው የመጣሁ።»

ወይዘሮ ፀሐይ በንዴት ጊዜ ማንንም ሰው «አንተ» ብለው የሚያባርሩ ሴት ናቸው። እኔ ያንን ስጠብቅ ነበር። እሳቸው ግን ጠርሙሱን ከልጃቸው ጉልበት ላይ አነሱና፣ «ድንጋዩ ይኸው አይደል እንዴ? ተሸክመውት መጡ» አሉ። ወንበር ሳቡለት። «ይቀመጡ። ቆመው አይቆዩ።»

ተቀመጠ። ወንበሩ ጫፍ ላይ፣ ሊነሳ እንደተዘጋጀ። ውሃ ሰጠነው፤ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ ጠጣ። ሲወጣ ደጅ ልሸኘው ተከተልኩት። «ጥፋትህን ወስደሃል ብዬህ ነበር» አለኝ። «የኔን ነው የወሰድከው። ያቺ ናት እንቅልፍ የነሳችኝ።» መልስ ሳይጠብቅ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ ጥቂት ቀን ዝምታ ነበር፤ የቀድሞው ዓይነት ግን አልነበረም። አንድ ማታ እራት ላይ ወይዘሮ ፀሐይ እንጀራውን ቆርሰው ሳያነሱት ቆዩ። «ብሩክ» አሉኝ። «እኔ እንደዚያ ሰውዬ መቆም አልችልም። ተቀምጬ ልንገርህ።» ነገሩኝ። ለእህታቸው ስለኔ በስልክ ያሉትን ሁሉ፣ ልጄን ከዚህ ቤት ላውጣት ብለው እስከማሰብ መድረሳቸውን። ሲጨርሱ ጉርሻ ጠቅልለው ዘረጉልኝ። በላሁ። ሁለታችንም ቀና ማለት አቃተን፤ ማህሌት ናት ወሬውን ያስለወጠችን።

ጋሽ ዘውዱ ግን በኛ ቤት አልበቃውም። በድርጅቱ የምሳ ሰዓት፣ እሱ የመከራቸው ሰዎች ሁሉ ባሉበት፣ ታሪኩን ራሱ ተናገረ። ማንበብ አለመቻሉንም ጨምሮ። አንዳንዱ አዘነለት፤ አንዳንዱ ሳቀ። «ጋሽ ሲንተቲክ» የሚል ስም ወጣለት። ከኋላው ሲጠሩት እሰማ ነበር፤ ጆሮዬ ይግላል። እሱ ዞር ብሎ፣ «አቤት» ይላል። አንድ ቀን ተናድጄ ልጣላለት ስል ያዘኝ። «ተው። ስሙ የኔ ነው» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ዘይት የሚጠይቀው ሰው አላጣም። እሱ ግን፣ «እኔን ከምትጠይቅ ጀርባውን አንብብ፤ የሞተሩንም መመሪያ አንብብ። ሲንተቲክም ሆነ መደበኛ፣ ለሞተር ሳይክል የተሠራ መሆኑን እይ። ማንበብ ካቃተህ አንብቡልኝ በል። እኔ አንብቡልኝ ማለት አፍሬ የሰው ልጅ እጅ ሰብሬያለሁ» ይላል። ይህን ለማንም፣ ለትልቁም ለትንሹም ይናገር ነበር። ሰዎች በመጨረሻ መጠየቅ ፈሩ። እንዲህ ያለ መልስ ማን ይሸከማል?

የማህሌት እጅ ዳነ፤ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ደቃቅ ሹሩባ ብዙ ሰዓት መሥራት አትችልም፤ ያማታል። አሁን ሌሎችን ታስተምራለች። ጋሽ ዘውዱ በሕይወት ሳለ በየሳምንቱ ይደውልላት ነበር፤ «እጅሽስ?» ይላል። ስለ ሌላ ነገር አያወራም። ቤተ ክርስቲያን ሲያያት እጇን ይፈልጋል በዓይኑ፤ አይቶት ዓይኑን ይሰብራል። ሞተር ሳይክሉን መንዳቱን አላቆመም፤ እሷ ካለችበት ግን ራቅ አድርጎ ነበር የሚያቆመው።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ ወጥተን ፓርኪንጉ ባዶ ሲሆን ማህሌት ወደሱ ሄደች። ለመሄድ እየተሰናዳ ነበር።

«ጋሽ ዘውዱ፣ አንዴ አዙረኝ» አለችው።

ያልገባው መሰለ። ሲገባው ፊቱ ተለዋወጠ። «አይሆንም ልጄ። እባክሽ። ይህን አትጠይቂኝ።»

«እፈራለሁ ጋሼ። ካንተ ጋር ካልወጣሁ መቼም አልወጣም።»

«ከኔ ጋር?»

«ካንተ ጋር።»

ወደኔ ተመለከተ። እንዳስቆማት የሚለምነኝ ይመስላል። እኔ ገለል አልኩላት። ማህሌት ከኋላ የታሰረውን ትርፍ ሄልሜት ፈትታ አጠለቀች፤ ቀሚሷን ሰብስባ ከኋላው ወጣች። በደህናውም በተጎዳውም እጇ ወገቡን ያዘች። ደረጃው ላይ የቆሙት ወይዘሮ ፀሐይ አማተቡ፤ ግን አልጮኹም።

ከእርምጃ ትንሽ በሚፈጥን ፍጥነት ነው የነዳው። ባዶውን ፓርኪንግ ዳር ዳሩን ይዞ፣ እያንዳንዷን መስመር እየጠበቀ፣ እንቁላል የተሸከመ ይመስል። ማህሌት ጭንቅላቷን ጀርባው ላይ አሳርፋለች። ዞረው መጡ፤ ቀስ ብሎ ቆመ። ማህሌት ወረደች። ሄልሜቷን አውልቃ ፀጉሯን አስተካከለች።

ጋሽ ዘውዱ ግን አልወረደም። ሞተሩን አጥፍቶ፣ ሁለት እግሩን መሬት ላይ አድርጎ፣ ሄልሜቱን እንዳጠለቀ ተቀመጠ። የፊት መከለያውን መስተዋት እንኳ አልከፈተም። ትከሻው ይነቃነቅ ነበር። ማህሌት አልጠራችውም፤ አልነካችውም። አጠገቡ ቆማ ጠበቀችው። እኔና ወይዘሮ ፀሐይ እሱን ላለማየት ወደ መንገዱ ዞረን ቆምን።